ባትሪ የማይሻው ኦሊምፐስ ትሪፕ 35 እና የጎንደር ብርሃን

ስለ ፎቶግራፍ ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል። በጎንደር ከተማ የምኖር መምህር ነኝ። አባቴ ካረፉ በኋላ ዕቃቸውን ስናስተካክል በቡናማ የቆዳ ማኅደር ውስጥ የተቀመጠ፣ «ኦሊምፐስ ትሪፕ 35» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ካሜራ አገኘን። በልጅነታችን ለጥምቀትና ለፋሲካ እኛን ደርድረው ያነሱን በዚሁ ካሜራ ነበር። የባትሪ ድንጋይ የሚገባበትን ቦታ ብፈልግ አጣሁት። በላዩ ላይ ያለው ቆጣሪ 22 ላይ ቆሟል። ቤት ውስጥ ሆኜ የማንሻውን ቁልፍ ስጫን በመመልከቻው መስኮት ውስጥ አንድ ቀይ ነገር ብቅ ይላል እንጂ ካሜራው አያነሳም። ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ ከነጭራሹ ለመታሰቢያ ብቻ ላስቀምጠው?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ በቅድሚያ ለአባትዎ ነፍስ ይማር። ስለ ካሜራው ጤንነት ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ የጀርባውን ክዳን አይክፈቱት። ቆጣሪው 22 ላይ ከቆመ አባትዎ ጀምረው ያልጨረሱት ፊልም በውስጡ ሊኖር ይችላል። የዚህ ካሜራ ቆጣሪ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ስለዚህ ቁጥሩ የሚነግርዎት ክዳኑ ለመጨረሻ ጊዜ ከተዘጋ ወዲህ ካሜራው ሃያ ሁለት ጊዜ ያህል መጠምዘዙን ነው። ባዶውን ካሜራ ልጆች ሲጫወቱበት ጠምዝዘውት ሊሆንም ይችላልና ቁጥሩ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ማረጋገጫው በግራ በኩል አናቱ ላይ ያለችው የፊልም መመለሻ እጀታ ናት። የታጠፈችውን እጀታ ቀና ያድርጉና ሌላ ምንም ሳይነኩ በላይዋ ወደተሳለው ቀስት አቅጣጫ ቀስ ብለው ያዙሯት። ያለ ምንም ተቃውሞ እንዳሻት የምትዞር ከሆነ ካሜራው ባዶ ነው። ጥቂት ዞራ ከጠበቀችና አልዞርም ካለች ግን ፊልም አለ፤ በዚያው ያቁሙ። ፊልም መኖሩን ካረጋገጡ በኋላ በካሜራው ሆድ በኩል ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭነው እጀታዋን በዚያው አቅጣጫ በዝግታ ያዙሩ። ፊልሙ ወደ ቆርቆሮው ሲመለስ የሚሰማዎት መጠነኛ ክብደት በመጨረሻ ድንገት ይላላል፤ ያን ጊዜ ክዳኑን መክፈት ይችላሉ። በዓመታት ብዛት የደረቀ ፊልም በቀላሉ ይቀደዳልና እጀታዋ ከጠነከረችብዎ አይታገሏት፤ ፍጹም ጨለማ በሆነ ክፍል ወይም ፎቶ አንሺዎች በሚጠቀሙበት ጥቁር ከረጢት ውስጥ ከፍቶ ፊልሙን በእጅ ማውጣት ይሻላል።

ከቆርቆሮው ላይ የሚያነቡት ጽሑፍ ቀጣዩን መንገድ ይወስናል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ከሆነ ተስፋው ብዙ ነው፤ የተቀረጸ ምስል በፊልም ላይ ሳይታጠብ አሥርተ ዓመታትን ሊቆይ ይችላል፤ ጥቂት ጉም የመሰለ ግራጫነት ቢለብስም ፊትን ከፊት መለየት ይቻላል። «ሲ-41» የሚል ካለበት ዛሬም የሚሠራበት የቀለም ፊልም ማጠቢያ ስለሆነ ቀለሙ ቢዛባም ሊታጠብ ይችላል። ይህ አሠራር የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበረው «ሲ-22» ዛሬ በየፎቶ ቤቱ አይሠራበትም። «ኮዳክሮም» የሚል ከሆነ ደግሞ የራሱ የሆነው ማጠቢያ በዚያው አቆጣጠር በ2010 መጨረሻ ስለቆመ ምስሉን እንደ ጥቁርና ነጭ አድርጎ ከማጠብ ሌላ አማራጭ የለውም። የሁሉም ምክር አንድ ነው፤ ፊልሙን ለመጀመሪያው ሰው አይስጡ፤ ያረጀ ፊልም አጥቦ የሚያውቅ ባለሙያ እስኪያገኙ ድረስ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። አባትዎ ያነሱት ምስል ሁለተኛ ዕድል የለውም።

አሁን ወደ ቀዩ ነገር እንምጣ። ካሜራው በቤት ውስጥ ቀይ ምላስ አውጥቶ አላነሳም ማለቱ በደንብ ለመሥራቱ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ኦሊምፐስ ይህን ካሜራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1967 እስከ 1984 ድረስ ሲሠራው ያሰበው ስለ ፎቶግራፍ ቴክኒክ ብዙ ማወቅ ለማይፈልግና ለሚጓዝ ሰው ነው፤ ስለዚህ ብርሃን በማይበቃበት ቦታ ፊልም እንዳይባክን ቁልፉ ራሱን ይቆልፋል፤ ምክንያቱንም በመስኮቱ ውስጥ በቀይ ያሳያል። የሌንሱ ክዳን ሳይነሳ ለማንሳት የሚሞክርን ሰውም የሚያስቆመው ይኸው አሠራር ነው።

የባትሪ ቦታ ያጡትም የለውምና ነው። በሌንሱ ዙሪያ እንደ ማር እንጀራ ዐይን ዐይን የሆነ ግልጽ ቀለበት አለ፤ ከበስተኋላው ያለው ሴሊኒየም የተባለ ንጥረ ነገር የተቀባበት ሰሌዳ ነው። ሴሊኒየም ብርሃን ሲያርፍበት በራሱ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያቺ ኤሌክትሪክ በካሜራው ውስጥ ያለችውን ቀጭን መርፌ ትገፋለች፤ ብርሃኑ ሲበረታ መርፌዋ ርቃ ትሄዳለች፤ ሲደክም ትመለሳለች። ቁልፉን ሲጫኑ አንድ ጥርስ ያለው ብረት መርፌዋን ባለችበት ቆንጥጦ ይይዝና የቆመችበትን ቦታ ለክቶ የሌንሱን ቀዳዳ መጠንና የመዝጊያውን ፍጥነት ይወስናል። መዝጊያው ያሉት ፍጥነቶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ብርሃን ሲኖር የሰከንድ አንድ ሁለት መቶኛ፣ ሲያንስ የሰከንድ አንድ አርባኛ። ቀዳዳው ከኤፍ 2.8 እስከ ኤፍ 22 ይሰፋል፤ ይጠባል፤ «ኤፍ» የቀዳዳው መጠን መለኪያ ሲሆን ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቀዳዳው ይጠባል። ኤሌክትሪኩ የሚጠራቀምበት ነገር ስለሌለ ካሜራውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ «ቻርጅ» ማድረግ ምንም አይጠቅምም፤ እንዲያውም ሴሊኒየም በዕድሜና በእርጥበት የሚዳከም ስለሆነ ሳያነሱበት ሲቀሩ በማኅደሩ ውስጥ ተዘግቶ መቀመጡ ይመረጣል። አባትዎ በቆዳው ውስጥ ማቆየታቸው ካሜራውን ጠቅሞታል ብዬ አምናለሁ።

ፊልሙ ከወጣ በኋላ የሚከተለውን ፈተና ያድርጉለት። በሌንሱ ዙሪያ ያለውን የቀዳዳ ቀለበት «ኤ» ከሚለው ቀይ ፊደል ላይ ያቁሙ፤ ቀይዋ ምላስ የምትሠራው በዚህ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ከኋላ በኩል ያለችውን ጥርሳም መንኮራኩር በአውራ ጣት እስክትቆም ይጠምዝዙ። ሌንሱን በመዳፍዎ ሙሉ በሙሉ ሸፍነው ይጫኑ፤ ቀዩ ወጥቶ ቁልፉ መቆለፍ አለበት። ወደ ደጅ ወጥተው በብርሃን ሲጫኑ ደግሞ ቀጭ የምትል ድምፅ ሰምተው መዝጊያው መከፈትና መዘጋት አለበት። በጠራራ ፀሐይም ቀዩ የሚወጣ ከሆነ ሴሊኒየሙ ሞቷል ወይም መርፌዋ ተጣብቃለች፤ በጨለማም የሚያነሳ ከሆነ መቆለፊያው ሥራውን ትቷል።

እነዚህን ሁለቱን ያለፈ ካሜራ አንድ ፈተና ይቀረዋል፤ ይህንን ብዙ ሰው ሳያደርገው ፊልም ያባክናል። የጀርባውን ክዳን ክፍት አድርገው፣ ሌንሱን ወደ ደማቅ ሰማይ አዙረው፣ ከኋላ በኩል እያዩ ቁልፉን ይጫኑ። በቅጽበት ብልጭ ብላ የምትታየውን የቀዳዳ መጠን ልብ ይበሉ። ሁለት ምላጮች ተገጣጥመው የሚሠሯት ስለሆነች ክብ አትሆንም፤ ባለ አራት ማዕዘን ናት። ከዚያ የፊልም ፍጥነት፣ ማለትም ፊልሙ ብርሃን የመቀበል አቅሙ፣ የሚሞላበትን ቀለበት ከ25 ወደ 400 (ቀለበቱ በ200 የሚያበቃ ከሆነ ወደ 200) ወስደው ይድገሙት። ቀዳዳዋ በግልጽ ጠብባ መታየት አለባት። ሁሌም በአንድ መጠን የምትታይ ከሆነ ዘይት ወደ ምላጮቹ ሰርጎ አጣብቋቸዋል፤ ይህ በዚህ ካሜራ ላይ ደጋግሞ የሚታይ ሕመም ነው። ሌንሱን ፈትቶ ምላጮቹን በንጹሕ ቤንዚን የሚያጥብ ጥንቁቅ የሰዓት ወይም የካሜራ ጠጋኝ ሊያድነው ይችላል፤ እርስዎ ግን ከፊት በኩል ምንም ዓይነት ፈሳሽ አያንጠባጥቡበት።

በመጨረሻም የክዳኑን ጠርዝ በጥፍርዎ ይዳስሱ። ብርሃን እንዳይገባ የተለጠፈው ጥቁር ስፖንጅ ከዕድሜ ብዛት ወደሚያጣብቅ ጥቁር ሬንጅነት የሚቀየር ነው። በእንጨት ስንጥርና በአልኮል ፈቅፍቀው ካወጡት በኋላ፣ በጎንደር የካባ ልብስ ከሚሰፉት ቤቶች የምትወድቅ ቁራጭ ጥቁር ከፋይ በቀጭኑ ቆርጠው በሙጫ ቢያጣብቁበት ከድሮው ስፖንጅ የተሻለ ብርሃን ይከለክላል። ያን ጊዜ ፊልሙን ከኋላ ተጭና የምትይዘውን ጥቁር ሳህን ወደ ጎን ገፍተው አውጥተው ጀርባዋን ይመልከቱ። ሦስት ትናንሽ ምልክቶች ይኖሩባታል፤ ሁለተኛው ካሜራው የተገጣጠመበት ዓመት የመጨረሻ አሃዝ፣ ሦስተኛው ወሩ ነው፤ ለጥቅምት፣ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ኤክስ፣ ዋይና ዜድ የተሰኙት የላቲን ፊደላት ገብተዋል። ወሮቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አሃዙ አሥርቱን ዓመታት ስለማይነግርዎት የማንሻውን ቁልፍ ይዩ፤ ቁልፉ ከብረት ከሆነ ካሜራው ከቀደሙት ነው፤ ከጥቁር ፕላስቲክ ከሆነ ከኋለኞቹ ነው።

ሴሊኒየሙ ሞቶ ቢገኝ እንኳ ካሜራውን መደርደሪያ ላይ አያስቀምጡት። የቀዳዳው ቀለበት ከ«ኤ» ተነስቶ ቁጥሮቹ ላይ ሲያርፍ መዝጊያው በሰከንድ አንድ አርባኛ ይቆማል። ፍጥነቱ 100 የሆነ ፊልም ቢያስገቡ፣ በጎንደር የጥር ፀሐይ ኤፍ 22፣ ስስ ደመና ሲኖር ኤፍ 16፣ ሰማዩ ሲዳምን ኤፍ 11፣ በግንብ ጥላ ሥር ኤፍ 8 ላይ እያደረጉ ያንሱ። በጠራራው ላይ ብርሃን በጥቂቱ ቢበዛበትም የኔጌቲቭ ፊልም ይችለዋል።

ጥያቄ፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። እኔም ኦሊምፐስ ትሪፕ 35 ገዝቼ ባለፈው ጥምቀት ባለ 400 ፊልም አስገብቼ ከከተራ ጀምሮ ሳነሳ ነበር። ታጥቦ ሲመጣ ግን በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ያነሳኋቸው ሰዎች ፊታቸው ጠቁሯል፤ ነጠላቸውም ነጭ መሆኑ ቀርቶ ዐመድማ መስሏል። የግቢው ግንብ ከሰማዩ ጋር ሲነሳ ጥላ ብቻ ሆኗል። አመሻሽ ላይ በቅርብ ያነሳኋት ጓደኛዬ ደግሞ ደብዝዛለች፤ ከኋላዋ ያለው ሰው ግን ጠርቶ ወጥቷል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ለማንሳት ብሞክር ካሜራው ሙሉ በሙሉ እምቢ አለኝ። ካሜራው ጉድለት ይኖርበት ይሆን?

መልስ፦ የዘረዘርሻቸው ነገሮች ሁሉ ካሜራው በትክክል መሥራቱን የሚመሰክሩ ናቸው፤ የጎደለው ካሜራው ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ማወቅ ብቻ ነው።

የሴሊኒየሙ ሰሌዳ በፊቱ ያለውን ብርሃን ሁሉ ቀላቅሎ በአማካይ ይለካል፤ ነጭ ልብስና ጠይም ፊትን ለይቶ አያውቅም። በአማካይ የሚጠብቀውም ነጭም ጥቁርም ያልሆነ መካከለኛ ግራጫ ነው። በጥምቀት ዕለት በመዋኛው ዙሪያ የሚቆመው ሕዝብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ለብሷል፤ የጥር ፀሐይ ያንን ነጭ ሁሉ ወደ ሌንሱ ይመልሰዋል፤ ካሜራውም «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ቀዳዳውን ያጠብባል። ውጤቱ አንቺ ያየሽው ነው፤ ነጠላው ወደ ግራጫ ይወርዳል፤ የሰዉ ፊት ከዚያ በታች ወርዶ ይጠቁራል። ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ፊቱ መጥቆሩ ነው፤ የበዓል ፎቶግራፍ የሚነሳው ለልብሱ ሳይሆን ለፊቱ ነውና።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የፊልም ፍጥነት ቀለበቱን ማታለል ነው፤ ባለ 200 ፊልም አስገብተሽ ሳለ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ሲሞላብሽ ቀለበቱን ወደ 100 ብታዞሪው ካሜራው ለፊልሙ እጥፍ ብርሃን ይሰጣል፤ ፊትም ይወጣል፤ ነጩም ነጭ ይሆናል። ከሕዝቡ ወጥተሽ ሌላ ነገር ስታነሺ ወደ 200 መመለሱን አትርሺ። ሁለተኛው፣ እኔም አብልጬ የምወደው፣ የማንሻው ቁልፍ ግማሽ ተጫን ሲባል መርፌዋን ባለችበት ቆንጥጦ የሚይዝ መሆኑን መጠቀም ነው። ሌንሱን ተመሳሳይ ፀሐይ ወደሚያርፍበት መካከለኛ ቀለም ወዳለው ነገር፣ ለምሳሌ ወደ ደረቀ ሣር ወይም ወደ ቡናማው የግንብ ድንጋይ አዙሪ፤ ቁልፉን እስከ ግማሽ ተጭነሽ ያዢ፤ ጣትሽን ሳታነሺ ወደ ሰዎቹ ተመለሺና እስከ መጨረሻው ተጫኚ። የፋሲል ግቢን ግንቦች ከሰማይ ጋር ስታነሺም እንዲሁ ነው። ሌንሱን ወደ ታች ዝቅ አድርገሽ ሰማዩ ከፊቱ ሲወገድለት ለክተሽ፣ ይዘሽ፣ ወደ ላይ መመለስ። ሰማዩ ሊነጣ ይችላል፤ ድንጋዩ ግን ድንጋይ ይሆናል። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካሠሩት ግንብ ላይ ያለው የድንጋይ አደራደር በጎን ብርሃን፣ ማለትም በጠዋት ወይም ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ፣ ሲነሳ የሚኖረው መልክ ከቀትር ብርሃን ጋር አይወዳደርም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ካሜራው የሚሳሳትበት ዕድል አነስተኛ ነው።

ስለ ፊልሙ ፍጥነት በግልጽ ልንገርሽ። ባለ 400 ፊልም በጎንደር ቀትር ለዚህ ካሜራ ይበዛበታል። መዝጊያው ከሰከንድ አንድ ሁለት መቶኛ በላይ አይፈጥንም፤ ቀዳዳውም ከኤፍ 22 በታች አይጠብብም፤ በጠራራ ፀሐይ ባለ 400 ፊልም የሚጠይቀው ደግሞ ልክ እዚያው ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ አልፎ ብርሃኑ ቢበዛ ካሜራው የሚያስጠነቅቅበት ቀይ ምላስ የለውም፤ ቀዩ የሚወጣው ብርሃን ሲያንስ ብቻ ነው። ባለ 200 ፊልም በጠራራው ኤፍ 16 አካባቢ ይቆማል፤ በጥላ ውስጥም በቂ መተንፈሻ ይተውለታል። ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ከተማ ለበዓልና ለመንገድ ባለ 200 ፊልም ይዤ ብወጣ እመርጣለሁ፤ 400ን ለክረምት ዳመናና ለማምሻ እተወዋለሁ። የድሮዎቹ ትሪፕ ካሜራዎች ቀለበት በ200 የሚያበቃ መሆኑንም ከመግዛትሽ በፊት እዪ።

የጓደኛሽ መደብዘዝ የርቀት ጉዳይ ነው። ይህ ካሜራ ርቀትን የሚለካ ምንም መሣሪያ የለውም፤ አንቺ ገምተሽ ከአራቱ ሥዕሎች አንዱ ላይ ታቆሚዋለሽ። የአንድ ሰው ራስና ትከሻ የተሳለበት አንድ ሜትር ነው፤ ሁለት ሰዎች የተሳሉበት አንድ ሜትር ተኩል፤ የብዙ ሰዎች ሥዕል ሦስት ሜትር፤ ተራራው ደግሞ ሩቁ ሁሉ ነው። በመመልከቻው ሥር ባለችው ትንሽ መስኮት በኩል የቆምሽበትን ሥዕል ካሜራውን ከዓይንሽ ሳታነሺ ማየት ትችያለሽ። ሌንሱ 40 ሚሊሜትር ስለሆነ በቀን ብርሃን ስሕተትሽን ይሸፍንልሻል፤ በኤፍ 16 ሦስት ሜትር ላይ ብታቆሚው ከአንድ ሜትር ተኩል አካባቢ እስከ 30 ሜትር ያለው ሁሉ ጠርቶ ይወጣል። ለዚህም ነው ከሰልፉ ጋር እየተራመድሽ በቀን ያነሳሻቸው ያልደበዘዙት። ሲመሽ ግን ቀዳዳው እስከ ኤፍ 2.8 ይከፈታል፤ በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ጠርቶ የሚወጣው ጥልቀት ወደ ሩብ ሜትር ይወርዳል፤ አንድ እርምጃ መሳሳት ጓደኛሽን አጥፍቶ ከኋላዋ ያለውን ሰው ያጎላዋል። ሲመሽ ርቀቱን በክንድሽ ለኪ፤ ክንድ ግማሽ ሜትር ያህል ስለሆነ ሁለት ክንድ የመጀመሪያው፣ ሦስት ክንድ የሁለተኛው ሥዕል ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን በተመለከተ ካሜራው እምቢ ያለሽ ስላልቻለ ነው። በባለ 400 ፊልም፣ ቀዳዳው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ መዝጊያው በሰከንድ አንድ አርባኛ ቢሠራ እንኳ ወደ መቅደሱ ውስጥ በጠባብ በሮችና መስኮቶች የሚገባው ብርሃን አይበቃውም። ቀዳዳውን ከ«ኤ» አንስተሽ ኤፍ 2.8 ላይ ብታደርጊው ያነሳልሻል፤ ነገር ግን ጨለማ ነው የምታገኚው። ፍላሽ እንዳታስቢ፤ በጣሪያው ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶችና በግድግዳው ያሉት ሥዕሎች እንዲህ ያለ ብርሃን ሊበራባቸው አይገባም። ለዚያ ቤት ሌላ ካሜራ ያስፈልጋል፤ ትሪፑን ይዘሽ ግን በዙሪያው ያለውን የድንጋይ አጥርና የደጀ ሰላሙን ግንብ፣ ከዛፎቹ ሥር የተቀመጡትን ምእመናን አንሺ።

ጥያቄ፦ በጎንደር ፊልም የሚያጥብ አላገኘሁም። ጥቁርና ነጭ ፊልም በቡና ይታጠባል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው ወይስ ቀልድ?

መልስ፦ እውነት ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይክ አሲድ የተባለ ንጥረ ነገር ብርሃን የነካውን የብር ጨው ወደ ጥቁር ብር የመቀየር ኃይል አለው፤ ካፌይን ግን ከዚህ ሥራ ውስጥ የለበትም። ቡናው ብቻውን ግን አይሠራም፤ የልብስ ሶዳና ቫይታሚን ሲ ይጨመሩበታል። ብዙዎች የሚሠሩበት መጠን ለአንድ ሊትር ውሃ 54 ግራም የደረቀ የልብስ ሶዳ፣ 16 ግራም ቫይታሚን ሲ እና 40 ግራም በሙቅ ውሃ የሚሟሟ ዱቄት ቡና ሲሆን፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይታጠባል። ሶዳው በመጀመሪያ በሚገባ ይሟሟ፤ ቫይታሚኑ ይከተል፤ ቡናው በመጨረሻ ይግባ። ለዳቦ የሚሆነው ቤኪንግ ሶዳ በቦታው አይተካም፤ በምድጃ በደንብ ካልተቃጠለ በስተቀር ጉልበቱ ደካማ ነው። እዚህ ላይ የሚያሳዝነው በሀገራችን የምናከብረው ጥሩ ቡና ለዚህ ሥራ ተመራጭ አለመሆኑ ነው፤ ርካሹ የሮቡስታ ዱቄት ይሻላል፤ የተቆላና የተወቀጠውን ቡና ለጀበናው ይተዉት።

ሁለት ነገር ግን በቡና አይተካም። ፊልሙ ወደ ማጠቢያው ጣሳ የሚገባው በፍጹም ጨለማ ነው፤ ከጥቅም ውጭ በሆነ ፊልም በብርሃን፣ ከዚያም ዓይንን ጨፍኖ ደጋግሞ መለማመድ ያስፈልጋል። ከታጠበ በኋላም «ፊክሰር» የተባለው ኬሚካል ያልተነካውን የብር ጨው አሟሙቶ ካላስወገደ ምስሉ ብርሃን ባየ ቁጥር እየጠቆረ ይጠፋል፤ ፊክሰሩ መገዛት አለበት። መደበኛውን መንገድ ማግኘት የሚችል ሰው ግን «ዲ-76» የተባለውን የፊልም ማጠቢያ ዱቄት አስመጥቶ ቢያጥብ እመክራለሁ፤ ለምሳሌ የኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ፊልም ባልቀጠነው ዲ-76 በ20 ዲግሪ ሰባት ደቂቃ ተኩል ይፈልጋል፤ ውጤቱም ዘወትር አንድ ዓይነት ነው። በቡና የሚታጠብ ፊልም መሞከሪያ ይሁን፤ የሠርግ ወይም የክርስትና ፊልም በፍጹም አይሁን።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ነው የምጽፈው። እኔ ያለኝ ካኖኔት ኪውኤል17 ነው፤ የመብራት መለኪያው አይሠራም፤ ድንጋዩም የትም የለም። ደግሞም ከውጭ የሚመጣ ዘመዴ ፊልም ሊያመጣልኝ ነውና በአየር ማረፊያ ፍተሻ ይበላሻል ወይ?

መልስ፦ የእርስዎ ካሜራ የሚፈልገው 1.35 ቮልት የሚሰጥ የሜርኩሪ ድንጋይ ነበር፤ ሜርኩሪ መርዛማ በመሆኑ ድንጋዩ ከገበያ ወጥቷል። በመጠን የሚመሳሰለውን ባለ 1.5 ቮልት ቢያስገቡ መለኪያው ብርሃኑን ከእውነቱ አብልጦ ስለሚያነብ ፎቶግራፉ ይጠቁራል። የሚሻለው 675 የተባለው የጆሮ መስሚያ ድንጋይ ነው፤ 1.4 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ በዙሪያው ቀጭን የጎማ ቀለበት ቢያደርጉለት ቦታውን ይሞላል። በላዩ ያለው ወረቀት ከተላጠ በኋላ ግን ባይጠቀሙበትም በጥቂት ወራት ውስጥ ያልቃል። መለኪያው ጨርሶ ባይነሳም የካኖኔት መዝጊያ ያለ ድንጋይ ይሠራልና በእጅ እየሞሉ ማንሳት ይችላሉ።

ፊልሙን በተመለከተ፣ ዘመድዎ ወደ ዕቃ መጫኛ በሚገባው ሻንጣ ውስጥ በፍጹም እንዳያስቀምጡት ይንገሯቸው፤ በዚያ የሚፈተሽበት ጨረር ብርቱ ነው። በእጅ ሻንጣ ይያዙት፤ በግልጽ ላስቲክ ከረጢት ለብቻው አድርገው በፍተሻው በር ላይ በእጅ እንዲታይላቸው በትሕትና ይጠይቁ። በብዙ አየር ማረፊያዎች ለእጅ ሻንጣ የገቡት አዲሶቹ የሲቲ ስካን መፈተሻዎች ያልታጠበን ፊልም በአንድ ማለፍ ብቻ ሊያበላሹት ስለሚችሉ፣ ከድሮዎቹ ማሽኖች ጋር አንድ አድርጎ ማየት አይገባም። እዚያው ታጥቦ ኔጌቲቩ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጨረሩ ምንም አያደርገውም።